የካፒቴኑ የፔሩ ሊሊ

በኛ ጊዜ፣ ጣልያን ደብረ ታቦር ተቀምጦ በነበረ ጊዜ፣ አበባ እንኳ ያስፈራ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ስሙኝማ። ወንድሜን «ለአርበኞች እህል አቀበልህ» ብለው አሰሩት፣ እና እኔ ስንቅ ላቀብለው እንዲመቸኝ ብዬ እስር ቤቱን የሚያዘው የጣልያን ካፒቴን ቤት አትክልት ኮትኳች ሆኜ ገባሁ።

ታዲያ ካፒቴኑ የፔሩ ሊሊ የሚሉት አበባ አለው፣ ሥሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ከባሕር ማዶ ያመጣው። ቀይ ነው፣ መኻሉ ቢጫ፣ ቢጫው ላይ ጥቁር ጭረት። «ለጠረጴዛ ስትቀጥፊ በቢላ እንዳትቆርጪው፣ አገዳውን ሳብ አርገሽ ንቀይው፣ ሥሩን ግን እንዳትነኪ!» ይለኛል በአስተርጓሚው። አስተርጓሚው ያገራችን ሰው ነው፣ ግን ከጌታው የባሰ።

እና ሚያዝያ ገባ፣ ፀሐዩ በረታ፣ ቅጠሉ ገረጣ፣ ወደቀ፣ ከመሬት በላይ ምንም አልቀረም። ካፒቴኑ መጣ፣ ጎንበስ ብሎ አየና «ሞርቶ! ሞርቶ!» አለ፣ ሞተ ማለቱ ነው። አስተርጓሚው ደግሞ ዐይኑን አፍጥጦ፣

«አንቺ ነሽ የገደልሽው! ቂም ይዘሽ! ወንድምሽን ነው የሚረሽነው!»

«ኧረ በእመቤቴ!» ብል ማን ሊሰማኝ።

ታዲያ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? አፈሩን በጣቴ ቀስ ብዬ ጫር ጫር ባደርገው፣ ሥሩ ወፍራም፣ ነጭ፣ ውሃ የቋጠረ! አልሞተም፣ ተኝቷል! ካፒቴኑ እግር ላይ ወደቅሁ።

«ጌታዬ፣ ተኝቶ ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ይነሣል። ከተነሣ ወንድሜን ይፈቱልኛል?»

«ካልተነሣስ?» አለኝ አስተርጓሚው እየሳቀ።

«እኔንም ከሱ ጋራ እሰሩኝ።»

ካፒቴኑ ጎንበስ ብሎ ሥሩን አየና «ሲ!» አለ፣ እሺ ማለቱ ነው።

ከዚያማ ሌላ ጭንቅ መጣ፣ ልጆቼ። ውሃ ባበዛ ይበሰብሳል፣ ብተወው ይደርቃል። ሣር አለበስኩት። ጧት ጧት ሣሩን ገለጥ አድርጌ አያለሁ፣ ምንም። አስተርጓሚው ባለፈ ቁጥር «ሙሽራው አልተነሣም?» ይለኛል። ሰኔ ገባ፣ ዝናቡ ወረደ፣ አሁንም ምንም። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ። እና አንድ ጧት ብገልጠው ቀላ ያለ ቡቃያ፣ ልክ እንደ ጫጩት አፍ! እሪ አልኩ። ካፒቴኑ በካናቴራ ሮጦ ወጣ፣ ጭቃው ላይ ተንበረከከ። ወንድሜም በዚያው ሰሞን ተፈታ።

«ታዲያ ወንድምዎ ምን አሉ፣ እማማ?»

ምኑን ያውቃል! «ለመድኃኔ ዓለም ተስዬ ነው የተፈታሁ» እንዳለ ሞተ። እኔም ዝም። እንዲያ ያለውን ጎበዝ «በአበባ ተፈታህ» ይሉታል? ሃሃሃ! ደግሞስ ያን ዝናብ ማን ላከው?