አስር እርምጃ

(አሰላ፣ ቅዳሜ ጠዋት። በፎቶ ቤቱ ባንኮኒ ላይ ሦስት ሌንሶች ተቀምጠዋል፤ ከወዲያ ባለቤቱ ጋሽ ቦጋለ፣ ከወዲህ የሰርግ ፎቶ አንሺዋ ሽታዬ ተሰማ ቆመዋል።)

ሽታዬ፦ አይሆንም ጋሽ ቦጋለ። አጭሩን አልወስድም አልኩ እኮ።

ቦጋለ፦ አጭር አትበይው፣ ይሰማል። ሰባ–ሁለት መቶ ሚሊ ሜትር ነው። ስታዲየም ውስጥ እንጀራዬን የሰጠኝ እሱ ነው። ብርሃን ይስባል፣ ክንድ አይገነጥልም፣ ሯጭም ይምጣ ወፍ ቀልጠፍ ብሎ ይይዛል።

ሽታዬ፦ እኔ የማነሳው አይሮጥም፣ አይበርም።

ቦጋለ፦ እሺ፣ መካከለኛው አለልሽ። መቶ–አራት መቶ። ለኳስም ለዱር እንስሳም የሚሆን፣ ከሁሉ ጋር የሚስማማ ጎረቤት በይው። ፀሐይ ካለ እንከን አይወጣለትም። ጥድ ሥር ሲገባ ግን ይጨልምበታል፤ ያን ጊዜ ትንሽ መታገሥ ነው።

ሽታዬ፦ የምፈልገው ያን ባለሣጥኑን ነው። ስድስት መቶውን።

ቦጋለ፦ እሱ ጡረታ ወጥቷል። አምስት ኪሎ ሊሞላ ምንም አልቀረው፤ ፎከሱ በእጅ ነው። ያለ ስታንድ ብትይዢው የልብሽ ምት እንኳ ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል። ደግሞስ ለሰርግ ስድስት መቶ ማን ወሰደ? ሙሽራዋን ከሌላ ቀበሌ ሆነሽ ልታነሻት ነው?

ሽታዬ፦ ለሰርግ አይደለም። ተራራ ልወጣ ነው።

ቦጋለ፦ በዚህ ጭቃ? ተራራው ላይ ምን አለሽ?

ሽታዬ፦ አባቴ የተንበረከከበት ድንጋይ አለ።

ቦጋለ፦ እ።

ሽታዬ፦ ሰኞ ችሎት ይቀርባል። ያለኝ ዛሬና ነገ ነው።

ቦጋለ፦ ልጄ፣ የዱር ፎቶ ጥድፊያ አይወድም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል።

ሽታዬ፦ የኔው ፈስሶ አልቋል ጋሽ ቦጋለ። የሚለቀምም አልተረፈኝ።

ቦጋለ፦ ለተሰማ ያዘንኩትን እግዜር ያውቃል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አጋዘን የጠበቀ ሰው አጋዘን ገደለ ሲባል ለማን ደስ ይለዋል? እኔ እሱን ተራራው ላይ ያነሳሁትን ፎቶ የሱቄ መስኮት ላይ ሰቀልኩት እንጂ ፖሊስ ጣቢያ አልወሰድኩትም። አይተው የመጡት እነሱ ናቸው።

ሽታዬ፦ መጥተው ምን ጠየቁዎት?

ቦጋለ፦ ከምን ያህል ርቀት እንዳነሳሁት።

ሽታዬ፦ ምን አሉ?

ቦጋለ፦ ምን እንዳልኩማ ታውቂያለሽ። ተጽፏል፣ ተፈርሟል።

ሽታዬ፦ ከአፍዎ ልስማው።

ቦጋለ፦ እኔ ከተሰማ አስር እርምጃ። ተሰማ ከአጋዘኑ አስር እርምጃ። ፎቶውም የሚያሳየው ይህንኑ ነው፤ እሱ ተንበርክኮ ጠመንጃውን ደግኗል፣ አጋዘኑ አፍንጫው ሥር ነው።

ሽታዬ፦ በዚያው ቀን አጋዘኑ ሞቶ ተገኘ። የእንስሳት ሐኪሙ ቆዳው በባሩድ ተለብልቧል፣ የተመታው ከቅርብ ነው ብሎ ጻፈ። አባቴ ደግሞ እኔ ያነጣጠርኩት ግልገል የሚያሳድዱ ውሾች ላይ ነው፣ አጋዘኑ ከሸለቆው ማዶ ነበር ይላል። የእርስዎ ፎቶ ላይ ግን ሸለቆ የሚባል ነገር የለም።

ቦጋለ፦ እኔ ምን ላድርግ? ካሜራ ያየውን ነው የሚያሳየው።

ሽታዬ፦ በየትኛው ሌንስ ነበር ያነሱት?

ቦጋለ፦ በዚሁ በሰባ–ሁለት መቶው። አስር እርምጃ ላይ ከዚህ ሌላ ምን ያስፈልጋል?

ሽታዬ፦ ዋናውን ፋይል ይስጡኝና ልየው።

ቦጋለ፦ ካርዱ ተበላሽቷል ብዬሽ የለ? ስንቴ ልንገርሽ?

ሽታዬ፦ እሺ፣ ይቅር። እንዲያው አንድ ነገር ያስተምሩኝ። እኔ የዳስ ውስጥ ፎቶ አንሺ ነኝ፣ ረጅም ሌንስ ይዤ አላውቅም። ያ ግድግዳው ላይ ያለው የሯጮቹ ፎቶ በምንድን ነው የተነሳው?

ቦጋለ፦ እሱማ ጉድ ያመጣ ፎቶ ነው። ሁለቱን ልጆች አየሻቸው? ትከሻ ለትከሻ ናቸው አይደል? ፎቶው በወጣ ማግስት የሁለተኛው ልጅ ሰፈር ሰዎች «ልጃችን በክርን ተገፍቶ ነው የተሸነፈው» ብለው ዱላ ይዘው መጡ። አንዱ ሽማግሌ ጭራሽ ክርኑ ያረፈበትን ቦታ በጣቱ ያሳየኛል። እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። በሁለቱ መሀል እኮ ሦስት አውቶቡስ ያቆማል።

ሽታዬ፦ ታዲያ እንዴት ተጣብቀው ታዩ?

ቦጋለ፦ በስድስት መቶው ነዋ። ከሩቅ ቆመሽ በረጅም ሌንስ ስትስቢ ርቀት ይበላል። ከኋላ ያለውን ጎትቶ የፊተኛው ጀርባ ላይ ይለጥፈዋል። ሠላሳ ሜትሩ ሦስት ሜትር መስሎ ቁጭ ይላል። የማያውቅ ሰው ዐይኑን ቢያወጡት አያምንም። ለስፖርት ፎቶ ጨው ማለት እሱ ነው።

ሽታዬ፦ ሠላሳውን ሦስት ካደረገው፣ ሸለቆን ምን ያደርገዋል?

ቦጋለ፦ ምን አልሽ?

ሽታዬ፦ መቶ ሜትር የሚሆን ሸለቆ። ምን ያደርገዋል?

ቦጋለ፦ ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው ይሉ ነበር እናቴ። ለካ አንቺን ማለታቸው ነው።

ሽታዬ፦ አላሳሳቅኩዎትም። የሚያውቁትን ነው የጠየቅኩዎት። ያን ፎቶ ማታ ማታ ሳየው ከርሜያለሁ ጋሽ ቦጋለ። በአባቴና በአጋዘኑ መሀል ስስ ጉም አለ። በአስር እርምጃ መሀል እንዴት ያለ ጉም ነው የሚገባው?

ቦጋለ፦ የደጋ ጉም ነው፤ የፈለገው ቦታ ይገባል።

ሽታዬ፦ ሦስት ቀን እዚያ ወጥቻለሁ። ከድንጋዩ ወደኋላ አስር እርምጃ ስቆጥር የአስታ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባሁ፤ ቅጠል እንጂ አባቴ አይታይም። ወደ ጎን ብቆጥር ገደል ነው። እርስዎ የት ላይ ነው የቆሙት?

ቦጋለ፦ ቁጥቋጦ ያድጋል።

ሽታዬ፦ በአንድ ወር?

ቦጋለ፦ አንቺ ልጅ፣ ተይኝ። አባትሽ ስለሆነ ነው እንዲህ የሚያደርግሽ። ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል።

ሽታዬ፦ አዎ፣ አባቴ ስለሆነ ነው። አረፋም ከሆነ አረፋውን ይስጡኝ። ሣጥኑን ለአንድ ቀን ያከራዩኝ። የአባቴ ባልደረባ ድንጋዩ ላይ ይንበረከክልኛል፤ ከሸለቆው ማዶ አጋዘኑ የነበረበት ቦታ ጊደር እናስራለን። ከሩቅ ካለው የመኪና መንገድ ሆኜ አነሳቸዋለሁ። ሸለቆው ፎቶው ላይ ከጠፋ አባቴ እውነቱን ነው፣ ካልጠፋም አርፌ እቀመጣለሁ።

ቦጋለ፦ ከየትኛው መንገድ? ያ መንገድ ሰባት ቦታ ይታጠፋል። አንድ መታጠፊያ ከሳትሽ ጊደሯ ወዲያ፣ ሰውየው ወዲህ ይሆናሉ። ዐቃቤ ሕጉ «ይህ ሌላ ቦታ ነው» ብሎ ያሳፍርሻል።

ሽታዬ፦ ለዚህ ነው የነበረ ሰው የምፈልገው። ማን ይናገር የነበረ አይደል የሚባለው?

ቦጋለ፦ ነበርኩ፤ ተናገርኩም።

ሽታዬ፦ ማን እየሰማዎት ነበር የተናገሩት?

ቦጋለ፦ ይህ ደግሞ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው?

ሽታዬ፦ ፖሊሱ ሲጠይቅዎት ሱቁ ውስጥ እኮ የከተማው ፎቶ አንሺ ሁሉ ነበር። እኔም በሩ ላይ ነበርኩ። «ጋሽ ቦጋለ ዱርን በእጁ የሚዳስስ» እያሉ ነበር። እርስዎም ደረትዎን ነፍተው አስር እርምጃ አሉ። እኔ ራሴ አጨበጨብኩ ጋሽ ቦጋለ። አባቴ ላይ የሚሰጥ ምስክርነት መሆኑን ሳላውቅ።

ቦጋለ፦ እንበልና ተሳሳትኩ። እንበልና ነው የምልሽ። ፈርሜያለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አሁን ተመልሼ ዋሽቻለሁ ብል እሱ በወጣበት በር እኔ ልገባ ነው። በዚህ ዕድሜዬ። ይህች ሱቅስ? ነገ ማነው የኔን ፎቶ አምኖ የሚሰቅል?

ሽታዬ፦ እርስዎ ሊገቡም ላይገቡም ይችላሉ። እሱ ግን ሰኞ ሊያምን ነው።

ቦጋለ፦ ምኑን?

ሽታዬ፦ ገድያለሁ ሊል ነው።

ቦጋለ፦ ተሰማ? ያላደረገውን? ቅጣት ይቀልልሃል ብለውት ነው?

ሽታዬ፦ ብለውታል። ግን ለሱ ብሎ አይደለም። አድርጌው ይሆናል ነው የሚለው።

ቦጋለ፦ እንዴት ሰው የገዛ ጥይቱን ይረሳል?

ሽታዬ፦ ትናንት ምሳ ይዤለት ሄድኩ። የምሳ ዕቃውን ሳይከፍት መለሰልኝ። «ሽታዬ፣ በሠላሳ ዓመት ነብር እንኳ ሳላየው ቀርቦኝ አያውቅም። ቦጋለ አስር እርምጃ ላይ ቆሞ፣ ካሜራ ደግኖ፣ እኔ አላየሁትም። ኮቴውንም አልሰማሁም። ያን የሚያህል ሰውዬ ካላየሁ ዐይኔም ልቤም ከድተውኛል ማለት ነው። እንዲህ የሆነ ሰው ምን ላይ እንደተኮሰ በምን ያውቃል?» አለኝ።

ቦጋለ፦ እንዲህ አለ?

ሽታዬ፦ ውሾቹን ራሱ መጠራጠር ጀምሯል። «ውሻ ይሁን አጋዘን እንጃልኝ» ይላል። ዐይኑን ለመፈተን እጁን ፊት ለፊቱ ዘርግቶ ጣቶቹን ይቆጥራል።

ቦጋለ፦ ተይ፣ በቃ።

ሽታዬ፦ እኔ ተቆጣሁ። ቦጋለ ነው የዋሸው አልኩት። ተቆጣኝ። «ቦጋለ አይዋሽም፤ ያረጀሁት እኔ ነኝ። ፎቶው ደግሞ ቆንጆ ነው፤ እንዳትቀየሚው» አለኝ። ሰላም በይልኝም ብሏል።

ቦጋለ፦ ለኔ ሰላም በይልኝ አለ?

ሽታዬ፦ መልእክቴን አድርሻለሁ። አሁን ይምረጡልኝ። ሦስቱም እዚህ አሉ። አጭሩን ከሰጡኝ አጭሩን ተሸክሜ እወጣለሁ፤ እዚያ ሄጄ ምን እንደማደርግበት አላውቅም። ግን ባዶ እጄን ቤት ገብቼ ሰኞን መጠበቅ አልችልም።

ቦጋለ፦ ሊያየኝ አይችልም ነበር።

ሽታዬ፦ ምን አሉ?

ቦጋለ፦ ተሰማ። ንስርም ቢሆን አያየኝም። መንገዱ ላይ ካለው ድልድይ ወዲህ፣ መኪናዬ ውስጥ ነበርኩ። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ስድስት መቶውን የሩዝ ከረጢት ላይ አስደግፌ ነው ያነሳሁት። ጉልበቴ ከከዳኝ ሁለት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ ከአስፋልት ወርጄ አላውቅም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ሚስቴ እንኳ ተራራ ስወጣ የምውል ነው የሚመስላት።

ሽታዬ፦ ካርዱስ?

ቦጋለ፦ ደህና ነው። መሳቢያው ውስጥ ነው። ከሱ በፊት ያሉት ስድስት ፎቶዎች ላይ ሌንሱን ከረጢቱ ላይ ከማደላደሌ በፊት የመኪናው መስኮት ጠርዝ ይታያል። እኔው ደብቄው ነው።

ሽታዬ፦ ይህን ለዳኛው ይሉታል?

ቦጋለ፦ እላለሁ። የመጣው ይምጣ። አንቺ ሣጥኑን ያዢ፤ እኔ ካርዱን ላውጣ። በሩንም ቆልፊልኝ።

ሽታዬ፦ ወደ ድልድዩ ነው የምንሄደው?

ቦጋለ፦ ድልድዩ የትም አይሄድም። ቅዳሜ የእስረኛ መጠየቂያው እስከ ስድስት ሰዓት ነው አይደል? እንፍጠን፤ ዐይኑ ደህና መሆኑን ከኔው አፍ ይስማ።