የጽጌ ፊርማ

መኪናውን የሚነዳው ሙሉጌታ ነው፤ ከፊት ጽጌ፣ ከኋላ ጋሽ ኃይሌና እኔ። የሦስቱም የሥራ ቦታ እንደ እኔው የአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ነው። መኪናዬ ስለተበላሸች ከምንኖርበት ከስቶን ማውንቴን አብሬያቸው የሄድኩት ያን ቀን ብቻ ነበር።

“ጀርመኗ ቴኒስ ተጫዋች ቅዳሜም አሸነፈች” አለ ሙሉጌታ። “ዘንድሮ አራቱንም ትልልቅ ዋንጫ ጠቅልላ ወሰደች።”

“ቀሚሷ ግን አጭር ነው” አሉ ጋሽ ኃይሌ።

“ጋሼ፣ እርስዎ ኳሱን ነው ወይስ ቀሚሱን ያዩት?”

ጽጌ ሳቀች። “የኔም ልጅ ቴኒስ ካልተጫወትኩ ብላ አስጨንቃኛለች። ትምህርት ቤቷ የወላጅ ፊርማ ይፈልጋል።”

“ታዲያ ሳይን አድርጊላታ።”

“ጀርመኗን ከሕፃንነቷ ያሠለጠናት አባቷ ነው አሉ። የኔዋ አባት የላትም። እኔ ስለ ኳስ ምን አውቃለሁ?”

“አሠልጣኝ አላቸው። ካንቺ የሚፈለገው ስምሽ ነው” አሉ ጋሽ ኃይሌ። “እስከ መቼ ነው?”

“ዛሬ ጠዋት ያበቃል። ፎርሙ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።”

“ወደ ትምህርት ቤቱ ብንመለስ ሁላችንም እናረፍዳለን” አለ ሙሉጌታ።

“ተመለስ” አሉ ጋሽ ኃይሌ።

ሰዓት የማያከብር ሰው አልወድም፤ ልጆቼም ያውቁታል። ቢሆንም አልተቃወምኩም።

ጽጌ ፈርማ፣ ፎርሙን ለትምህርት ቤቱ ሰጥታ እየሮጠች መጣች። “እግዜር ይስጥልኝ። ውለታችሁን አልረሳም።”

“ልጅሽ ዋንጫ ስትወስድ ከፊት ወንበር ታስቀምጪናለሽ” አሉ ጋሽ ኃይሌ።

በደመወዝ ቀን የክፍያ ወረቀቴን አይቼ በልቤ ተመስገን አልኩ፤ ያ ማርፈድ ከእኔ ያስቆረጠው ሁለት ዶላር፣ ከአራታችን በድምሩ ስምንት ዶላር ብቻ ነበር።