ስለ ሁለት በሬዎች ሞትና ስለተሸፈነው የስልክ ገጽ

የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ ነጅሚያ ኸድር
ዕድሜ፦ 27
አድራሻ፦ ደብረ ታቦር ከተማ፣ ቀበሌ 03
ሥራ፦ የሶፍትዌር ፍተሻ ባለሙያ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ቦታ፦ ነሐሴ 6 ቀን 2017 ዓ.ም፣ ከጠዋቱ 3፡20፣ ገሳይ
ቃል ተቀባይ፦ ዋና ሳጅን አሰለፈች ጥሩነህ

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር ደብረ ታቦር በሚገኝ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ሶፍትዌር እፈትሻለሁ። ሥራዬ መጠርጠር ስለሆነ ሰውም ሆነ ማሽን "ደኅና ነው" ሲለኝ ቶሎ አላምንም። ድርጅታችን ለእንስሳት መድኃኒት ቤቶች የሠራው የስልክ መተግበሪያ አለ። የከብቱን ክብደትና የመድኃኒቱን ስም ሲያስገቡለት መጠኑን፣ አሰጣጡንና የቀጠሮውን ቀን ያሳያል።

ሐምሌ 28 ቀን 2017 ዓ.ም በገሳይ የወ/ሮ ፈንታነሽ መድኃኒት ቤት ተቀጣሪ የሆነው መልካሙ በአምስት ቀን ተከፋፍሎ የሚሰጠውን መድኃኒት በአንድ ጊዜ በመውጋቱ የአቶ ሙላቴ ደሴ ሁለት በሬዎች ሞተዋል። ይህን በማግስቱ የነገረኝ የሥራ ባልደረባዬ ዳኛቸው ነው። መልካሙ "ስልኩ ያሳየኝን ነው የሰጠሁት፤ ተከፋፍሎ የሚል አላየሁም" ብሏል። ሆኖም ሐምሌ 30 ቀን ፖሊስ ያንኑ ስልክ ሲከፍተው ጽሑፉ በግልጽ ታየ። በእሱና በአቶ ሙላቴ ቤተሰብ መካከል የቆየ የድንበር ጠብ ስለነበረም ሆን ብሎ ነው የገደላቸው ተብሎ ታስሯል።

እኔ የጠረጠርኩት ዳኛቸውን ነበር። የመተግበሪያውን ገጽ የሠራው እሱ ነው፤ ያለ ሰው እጅ በራሱ የሚሠራውን ፍተሻ ያዘጋጀውም እሱ ነው። ስጠይቀው ስክሪኑን ወደ እኔ አዙሮ "ሁሉም አረንጓዴ ነው፤ ፍተሻውን አልፏል፤ አንቺ ደግሞ ምን አስጨነቀሽ?" አለኝ። አነጋገሩ አልጣመኝም። የእሱ ፍተሻ ጽሑፉ በገጹ ውስጥ መኖሩን እንጂ ለሰው ዐይን መታየቱን አይለይም። ለዐይን ተብሎ የተሠራው የምስል ፍተሻ ነው። እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ ያነሣና ቀድሞ ከጸደቀው ፎቶ ጋር ያስተያያል፤ ልዩነት ካየም ያስጠነቅቃል። ይህ ፍተሻ ለምን እንዳላስጠነቀቀ ስመረምር የገጹ የታችኛው ግማሽ እንዳይነጻጸር ተሸፍኖ አገኘሁት። ዳኛቸው ጥፋቱን ሊደብቅ እንደሸፈነው እርግጠኛ ሆንኩ። ማን መቼ ምን እንደነካ የሚያሳየውን መዝገብ ስከፍት ግን ቀኑ ግንቦት 11፣ ስሙ ነጅሚያ ኸድር ይላል።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። የአካባቢው ገበሬ ቀጠሮ የሚይዘው በታቦት ቀን ስለሆነ መተግበሪያው "ቀጠሮ፦ ለሚካኤል" እያለ ይጽፋል። ስሙ በየቀኑ ስለሚለዋወጥ የምስል ፍተሻው በየማለዳው በከንቱ ያስጠነቅቅ ነበር። ሰለቸኝና ሸፈንኩት። አንዷን መስመር ብቻ መሸፈን ሲገባኝ በጥድፊያ ግማሹን ገጽ ሸፈንኩ። ከሦስት ቀን በኋላ በእጄ ስፈትሽም የተጠቀምኩት በራሴ ስልክ ነው፤ ፊደሉ ትንሽ፣ የዕለቱ ቀጠሮም ለማርያም ስለነበረ ስሙ አጭር ነበር።

መልካሙ የተጠቀመው ግን በወ/ሮ ፈንታነሽ ስልክ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ዐይናቸው ስለደከመ ፊደሉን አተልቀውታል። ሐምሌ 28 ቀን የተሰጠው የአንድ ሳምንት ቀጠሮ ነሐሴ 5 ላይ ዋለ። መተግበሪያው "ለአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ" ብሎ ሲጽፍ ስሙ ሁለት መስመር ያዘ፤ ከሥሩ ያለውን "በአምስት ቀን ተከፋፍሎ የሚሰጥ" የሚለውን መስመርም ገፍቶ በገጹ ግርጌ ካለው አረንጓዴ ቁልፍ ሥር አስገባው። ፖሊስ በከፈተበት ቀን ግን ሳምንቱ ነሐሴ 7 ላይ ስለሚውል ቀጠሮው አጭሩ "ለሥላሴ" ስለነበረ መስመሩ በቦታው ታይቷል። ይህንን ለዳኛቸው ሳሳየው "ሽፋኑን አንሺውና ዝም በይ፤ የተጻፈው ያንቺ ስም ነው" አለኝ። አልተቀበልኩትም። መዝገቡን አትሜ ዛሬ በመጀመሪያው ሚኒባስ ገሳይ መጣሁ።

ከጠዋቱ 2፡40 ላይ በፖሊስ ጣቢያው ዋና ሳጅን አሰለፈች፣ አቶ ሙላቴና መልካሙ ባሉበት የወ/ሮ ፈንታነሽን ስልክ ቀን ወደ ሐምሌ 28 መልሼ መተግበሪያውን ከፈትኩ። መስመሩ አልታየም። መልካሙ ጥግ ይዞ ቆሞ ነበር፤ ሐፍረት ይዞኝ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። አቶ ሙላቴ ስልኩን ተቀብለው አዩትና "እንግዲያስ ልጁ አልዋሸም። በሬዎቼን ማን ገደላቸው ታዲያ?" አሉ። ዋና ሳጅን አሰለፈች ሊመልሱላቸው ሲሉ ቀደምኳቸውና "እኔ ነኝ፣ አባባ" አልኳቸው።

ከዚህ የጨመርኩትም የሸሸግኩትም የለም። ቃሌ ተመልሶ ተነቦልኝ እንደተናገርኩት መስፈሩን ሰምቻለሁ፤ ማንም ሳያስገድደኝ እውነቱ ይኸው ነው ብዬ ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ነጅሚያ ኸድር
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ዋና ሳጅን አሰለፈች ጥሩነህ