ሴንሰሩ ቀድሞ የበራ ዕለት

ሆሳዕና ከተማ በማስተምርበት ኮሌጅ፣ የግቢው ታንከር ውሃ ሲጎድለው ፓምፑን በራሷ የምታስነሳ፣ መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር ገጣጠምኩ። ወራት ፈጅታብኛለች። ለምረቃው ከሀደሮ ከተማ ድረስ እንግዳ ተጠራ፤ መርቀው የሚከፍቱት ዲናችን አቶ ሀንዲሶ ናቸው። "አቶ ሀንዲሶ፣ አደራ፣ መጀመሪያ ኮምፒውተሯን ያብሩ፤ የውሃውን መጠን የሚለካውን የታንከሩን ሴንሰር ከዚያ በኋላ። እሷ ሳትነሳ ከሴንሰሩ ኤሌክትሪክ ከገባባት ትቃጠላለች" አልኳቸው።

"መከላከያ የላትም እንዴ?"

"የሚገባባትን ኤሌክትሪክ የሚገድብ ሬዚስተር ይገዛልኝ ብዬ ነበር፤ 'በዕቅድ አልተያዘም' ተባልኩ።"

እንግዶቹ ሲሳሳቁ የአቶ ሀንዲሶ ፊት ጠቆረ። "መምህርት፣ ቅደም ተከተሉን ለእኔ ተይው!" ብለው ሴንሰሩን አበሩ፤ ቀጥለው ኮምፒውተሯን። ታንከሩ ባዶ ቢሆንም ፓምፑ ዝም አለ። የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። እንግዶቹ ሥራው የተሳካ መስሏቸው አጨበጨቡ፤ እኔም ግራ ገብቶኝ አብሬ አጨበጨብኩ።

በሳምንቱ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ማስጠንቀቂያውም የተጻፈው ለእኔ ሆነ። ምክንያቱን ሳነብ ሳቄም እንባዬም እኩል መጣ፦ "መምህርቷ ዕቃው እንደሚቃጠል አስቀድመው ማወቃቸው አጠራጣሪ ሆኖ ተገኝቷል።"