ሁለተኛው ጉብታ

የጨረር መመርመሪያው ቤተ ሙከራ አዛውንት ቴክኒሻን፣ ባልደረቦቻቸው «ጋሽ ረጋ» የሚሏቸው፣ ደብዳቤ ይዘው ደረጃውን ሲወርዱ ከእህታቸው ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ልጅቱ የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ ናት፤ እግረ መንገዷን ሰላም ልትላቸው ጎራ ማለቷ ነበር።

«ጋሼ፣ ምነው ፊትዎ ጠቆረ?»

«ምን ላድርግ ልጄ! ብረት ማቅለጫው ፋብሪካ ለልኬት የሚጠቀምበትን የጨረር ምንጭ ለምርመራ ልኮልኝ ነበር። ከተፈቀደለት ሌላ ጨረር የሚያወጣ ባዕድ ነገር አገኘሁበት። ይህ ደብዳቤ ሲደርስ ፋብሪካው ይዘጋል፤ አርባ ሠራተኛ ቤቱ ሊቀመጥ ነው።»

«ደብዳቤው ከመሄዱ በፊት መሣሪያውን ልየው?»

ጋሽ ረጋ ደስ አላላቸውም። ሠላሳ ዓመት የሠሩበትን መሣሪያ የትናንት ልጅ ልትመረምረው! ቢሆንም የእህት ልጅ ናትና አስገቧት። ስክሪኑ ላይ የምንጩን ጨረር የሚያሳይ አንድ ትልቅ ጉብታ፣ በእጥፍ ኃይል ላይ ደግሞ አዛውንቱ ባዕድ ያሉት ትንሽ ጉብታ ቆሟል። የልጅቱ ዓይን ግን ምልክቱን ወደሚያጎላው አምፕሊፋየር ሄደ። እያንዳንዱ ጨረር የሚፈጥረውን የኤሌክትሪክ ምት ርዝመት የሚወስነው ቁልፍ በረጅሙ ጫፍ ላይ ተደርጎ በፕላስተር ታሽጓል።

«ይህን ማን አሸገው?»

«እኔ ነኛ! አስተማሪዬ ያስተማሩኝ እንዲህ ነው። ምቱ ሲረዝም ረብሻው ይቀንሳል፣ ጉብታው ይጠራል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማሽም?»

«እውነትዎን ነው፤ ለደካማ ናሙና ከዚህ የተሻለ የለም። ይህ ምንጭ ግን ብርቱ ነው። አንዱ ምት ተነሥቶ ሳይወርድ ሌላው መጥቶ ጀርባው ላይ ይፈናጠጣል። ሁለት ሰው አንድ ሚዛን ላይ ቢወጣ ሚዛኑ አንድ ወፍራም ሰው መጣ ነው የሚለው።»

ሳቃቸው አመለጣቸው። እጅ ለመስጠት ግን የሚቸኩሉ ሰው አይደሉም።

«ወሬ ነው! ማስረጃሽስ?»

«ምንጩን ራቅ ያድርጉት። ባዕዱ ነገር እውነት ካለ ሁለቱም ጉብታዎች በአንድ ልክ ይቀንሳሉ። መደራረብ ከሆነ ግን ትንሹ ይብስበታል፤ ሰው ሲሳሳ ግፊያው ይጠፋ የለ?»

ጋሽ ረጋ ምንጩን በረጅም መቆንጠጫ ይዘው አራቁት። ትልቁ ጉብታ በግማሽ ወረደ፤ ከትንሹ ግን የቀረው ሩቡ ነው። ምንጩን ወደ ቦታው መልሰው፣ ፕላስተሩን ልጠው፣ ቁልፉን በገዛ እጃቸው አዙረው ምቱን አሳጠሩት። ትንሹ ጉብታ እዚህ ግባ የማይባል ሆነ።

«ትልቁ ግን ትንሽ ሰፋ» አሉ፣ ላለመሸነፍ።

«አዎ፣ ረብሻው ጨመረ። እሱን መቼም አንክድም።»

«እንግዲያ አስተማሪዬ ተሳስተዋል ልትዪኝ ነው?»

«ኧረ በጭራሽ! በእሳቸው ጊዜ ናሙናው ሁሉ ደካማ ነበር። ቢኖሩ ኖሮ ይህን ቁልፍ ከእኔ ቀድመው ያዞሩት ነበር።»

አዛውንቱ ግንባራቸውን ጠረጉ። «አበስኩ ገበርኩ! አርባ ቤት ላጨልም ነበር እኮ!»

የአዋቂ ልማድ ክፉ አይደለም፤ ክፋቱ መታሸጉ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤተ ሙከራ ለደካማው ናሙና ምቱ ይረዝማል፣ ለብርቱው ያጥራል፤ ልኬቱ ይታመናል፣ የሌለ ጥፋት በሰው ላይ አይለጠፍም።

ጋሽ ረጋ ደብዳቤውን ቀደው ወደ ፋብሪካው ደወሉ።

«ባዕድ ነገር የለም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።»

«እኛማ ወሬው ደርሶን ዕቃችንን እየሸከፍን ነበር» አሉ ፎርማኑ።

«ፍቱት!» ብለው ጮኹ ጋሽ ረጋ፤ «ፍቱትና እሳቱን አንድዱ!»