አንገት ላይ የተንጠለጠለው መሰኪያ

በካርኒቫል ሰሞን ባራንኪያ ከተማ ውስጥ አውቶቡስ እንደ ልቡ አይሄድም። ያን ዕለት ዋናው መንገድ ለጭፈራ ልምምድ ስለተዘጋ፣ ሾፌሩ ተሳፋሪውን ሁሉ መሃል መንገድ ላይ አራግፎ ተመለሰ። የፊዚክስ መምህርቷ ኦዳሊስም ባሏ ከሞተ ወዲህ ረግጣው የማታውቀውን ሰፈር በእግሯ ማቋረጥ ግድ ሆነባት። ሐሳቧ አንገቷን ደፍታ፣ ማንንም ሳታነጋግር ለማለፍ ነበር።

ከማንጎው ዛፍ ሥር ግን የልጇን ክርስትና አባት፣ ዶን ኤሊያሳርን አየቻቸው። ሽማግሌው “የቀትር ነብር” የሚባለውን ፒኮአቸውን፣ ቁም ሣጥን የሚያህለውን ያን የጭፈራ ቤት ድምፅ ማጉያ፣ ጀርባውን ከፍተውታል። ገመዱን ነቅለው መሰኪያውን እንደ መስቀል አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ሮም የተባለውን አረቄ የነካ ጨርቅ ይዘው እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዋል። ከካርኒቫል በፊት የፒኮን ሆድ በሮም መወልወል የአባት ደንብ ነው፤ መሰኪያውን አንገት ላይ ማዋል ደግሞ ማንም በስህተት እንዳይሰካው ዋስትና።

የኦዳሊስ ባል ኔፍታሊም ፒኮ ሲያጸዳ በሞተ ቀን መሰኪያው አንገቱ ላይ ነበር።

“አበልጄ፣ እጅዎን ያውጡ” አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ሽማግሌው ግን ደንግጠው እጃቸውን ሳቡ።

“አንቺ ነሽ? ዓመት ሙሉ ጠፍተሽ በቁጣ ትመጪ?”

ማዶ ካሳቫ የምትጠብሰው ፔትሮና ሳቀች። “ተዪአቸው ይወልውሉት፣ መምህርት። ሚስታቸውን እንዲህ አባብለው ቢያውቁ ኖሮ ጥላቸው አትሄድም ነበር።”

“አንቺ ጥብስሽን አታሳርሪ” አሏትና ወደ ኦዳሊስ ዞሩ። “መሰኪያው ይኸው አንገቴ ላይ። ኤሌክትሪኩ ከየት ይመጣል፣ ከሰማይ?”

“ከነብሩ ሆድ። አምፖል የሚመስሉት የመስታወት ቫልቮች የት አሉ?”

ሽማግሌው በፎጣ ላይ የተደረደሩትን አሳዩዋት። “ነቅያቸዋለሁ። ከዚያ ትራንስፎርመሩ ይጮህ እንደሆን ለመስማት ለአፍታ ሰካሁት፤ ወዲያው ነቀልሁት። አሁን በድን ነው።”

“አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የመንገዱ ውሃ ሲጠፋ ጣራዎ ላይ ያለው ሮቶ አብሮ ይደርቃል?”

“ምን ቆርጦት። ለዚያ አይደል የገዛሁት?”

“እነዚያ ጣሳ የሚመስሉት ካፓሲተሮች የኤሌክትሪክ ሮቶ ናቸው። ሲሰኩት ኤሌክትሪኩ መጀመሪያ እየተንደረደረ ይገባል፤ ሊሞላ ሲል እየዘገየ ይሄዳል። ሲነቅሉት የደረቀው የመንገዱ ቧንቧ ነው፤ ሮቶው እንደሞላ ነው። የሚወጣበት ካላገኘ እዚያው ሆኖ ይጠብቃል።”

“ታዲያ ስወለውል ዕድሜዬን ፈጀሁ፤ ለምን አልነካኝም? ትምህርት ጥሩ ነው አበልጄ፤ ግን የእኔም ጣቶች ተምረዋል።”

ልማድ ያልጎዳው ሰው ልማዱ ያዳነው ይመስለዋል፤ ስለዚህ በዚህ ነገር ሽማግሌውን ሞኝ ማለት አይገባም።

“ሌላ ጊዜ ቫልቮቹ ቦታቸው ላይ ነበሩ” አለች ኦዳሊስ። “ትኩስ እንደሆኑ የቀረውን ጠጥተው ይጨርሱልዎታል። ዛሬ ጠጪዎቹን አስነሥተው ጠርሙሱን ሙሉውን ትተዋል።”

ዶን ኤሊያሳር ራሳቸውን ነቅንቀው ጨርቁን መልሰው አነሡ። ኦዳሊስ ክንዳቸውን ያዘች። “አብዳለች ይበሉኝ። ይህን ካዩ በኋላ እንደፈለጉ።”

ከመሣሪያ ሣጥናቸው ሦስት አምፖሎች ከነማቀፊያቸው አውጥታ በሽቦ አንዱን ከሌላው ቀጠለች። አንዱን ጫፍ በመቆንጠጫ ከፒኮው የብረት አካል ጋር አያያዘች። ሌላውን በላስቲክ የተጠቀለለ ጫፍ ይዛ፣ ግራ እጇን ከጀርባዋ አድርጋ፣ ካፓሲተሩን ነካች።

ሦስቱም አምፖሎች ቦግ አሉ። ወዲያው ብርሃኑ ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይ እየሆነ ከሰመ።

የፔትሮና ጥብስ ማረር ጀመረ፤ አላየችውም። ሽማግሌው አንገታቸው ላይ ያለውን መሰኪያ ጨብጠው፣ የዋሻቸው ይመስል ትክ ብለው አዩት።

“ከዚህ ጋር እኮ የተያያዘ ነገር የለም” አሉ በቀስታ።

ኦዳሊስ ሽቦውን አስቀመጠች። “ኔፍታሊ ያን ቀን ቫልቮቹን ነቅሏቸው ነበር?”

ሽማግሌው የቢራ ሣጥን ላይ ተቀመጡ። “ነቅሏቸው ነበር። መቀመጫቸው ዝጎ ነበርና ሊያጸዳው። ለሐኪሙም ለቄሱም ‘መሰኪያው አንገቱ ላይ ነው፤ ልቡ ነው የከዳው’ ያልኩት እኔ ነኝ። ለምን አልነገርሽኝም?”

“አላወቅሁም ነበር። አሁን ነው ያወቅሁት።” ቀሚሷን አስተካከለች። “ልቡ ደህና ነበር።”

እጇን መልሳ ወደ ሽቦው ዘረጋች፤ ዶን ኤሊያሳር ቀድመው አነሡት። “እኔ ልያዘው። እንዴት እንደሆነ ንገሪኝ።”

“አንድ እጅ ብቻ። ካፓሲተሩን ሁለት ጊዜ ይንኩት፤ ተራግፎ ካበቃ በኋላ እንኳ ጥቂት መልሶ ያጠራቅማል። ከዚያ በቮልት መለኪያ ሳያረጋግጡ ጣትዎን አያስገቡ።”

በማግስቱ ኦዳሊስና ዶን ኤሊያሳር በካፓሲተሩ ጫፎች መካከል ጠንካራ ሬዚስተር በየዱ። ሬዚስተሩ እንደሚንጠባጠብ ቧንቧ ነው፤ መሰኪያው ሲነቀል የተጠራቀመውን ቀስ አድርጎ ያፈስሰዋል፣ ሙዚቃውን ግን አይነካም። ሮሙም ቀርቶ በደረቅ ጨርቅ ተተካ። ጥቅሙን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያሻም፤ ለጥቂት ሳንቲም በሚገዛ ዕቃና በትንሽ ትዕግሥት አባት ከካርኒቫል ወደ ልጆቹ ይመለሳል።

ዶን ኤሊያሳር ከዚያ በኋላ ፒኮ ያለበትን ቤት ሁሉ እየዞሩ አንኳኩ። በየደጁ መጀመሪያ የሚሉት “ኔፍታሊ ልቡን ታሞ አልሞተም” ነበር፤ አምፖሎቹን የሚያሳዩት ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ በዚያ ሰፈር አንገት ላይ የሚንጠለጠለው መሰኪያ ሳይሆን ሦስት አምፖል ነው።

ኦዳሊስም አሁን በዚያ መንገድ ታልፋለች። አምፖሎቹ ቦግ ሲሉ ግን ፊቷን ታዞራለች።