የዶን ጉቲዬሬ ስብከት ባለቤት

የቶሌዶው ካቴድራል ቄስ ዶን ጉቲዬሬ ዓሣ ሊገዙ ወደ ገበያ ሲወርዱ፣ የእኅታቸው ልጅ ሎፔ ጥምጥም ካሰረ እስላም ሽማግሌ ጋር አንድ ቤት ሲገባ አዩት። ደማቸው ፈላ። ዓሣውን ትተው ተከተሉት።

ውስጥ ያዩት ነገር ክው አደረጋቸው። መምህር ዙሃይር የሚባለው ሽማግሌ የዓረብኛ መጽሐፍ ዘርግቶ እያነበበ ሁሉም በሚሰማው በገበያው ቋንቋ ይተረጉማል፤ ሎፔ ደግሞ ከአፉ እየተቀበለ በላቲን ይጽፋል።

«በስመ አብ! አንተ ልጅ፣ የተማርከው ቄስ ልትሆን ነው ወይስ የእስላም ጸሐፊ?»

«አጎቴ፣ ይቀመጡ እንጂ። መጽሐፉ ለቤተ መንግሥት ነው፤ አልጋ ወራሹ ሊማርበት።»

«ጭራሽ! የንጉሡን ልጅ ልታሰልሙት! ዛሬውኑ ለሊቀ ጳጳሱ ነግሬ ይህን ቤት ባላዘጋ ምን አለ በሉኝ! አንተም ቅስናህን እርሳው!»

የሎፔ ፊት ዐመድ መሰለ። አጎቱ ያሉትን እንደሚያደርጉ ያውቃል። ድካሙም ቅስናውም ገደል ሊገባ ነው።

«መጀመሪያ ይስሙት፤ ክፉ ከሆነ እኔው ራሴ አቃጥለዋለሁ» አለ።

«ምኑን ነው የምሰማው? ከነዚህ ሰዎች ምን ሊገኝ!»

«አባ» አለ ዙሃይር ፈገግ ብሎ፣ «አትክልትዎን የሚያጠጣውን ቦይ የቆፈሩት አያቶቼ ናቸው። እስካሁን አላሰለመዎትም።»

«እሱማ ውሃ ነው! ይሄ የነፍስ ጉዳይ ነው!»

«እኛም ነፍስ ላይ ነው የደረስነው» አለና ማንበቡን ቀጠለ።

«አንድ ሰው በአየር ላይ ተንሳፍፎ ተፈጠረ እንበል። ዓይኑ ተሸፍኗል፤ እጁም እግሩም ምንም አይነካም። አካል እንዳለው አያውቅም፤ መኖሩን ግን ያውቃል። ያ የሚያውቀው ነፍሱ ነው።»

ዶን ጉቲዬሬ ወደ መጽሐፉ ተንደረደሩ።

«ኧረ ጉድ! ይሄማ የኔ ስብከት ነው! እኅቴን የቀበርኩበት!»

«መጽሐፉን እኛ ሳንወለድ የጻፈው አንድ እስላም ሐኪም ነው፣ አባ» አለ ዙሃይር።

«ከካቴድራሉ ብራና ያገኘሁት ነው! የጻፈው ሰው ስም የለበትም። ከቅዱሳን አባቶች የአንዱ መስሎኝ...»

«ያንንም እንደኛ ተቀምጠው የተረጎሙት ሰዎች ይሆናሉ» አለ ሎፔ። «አጎቴ፣ እናቴ አፈር ስትገባ ያጽናናኝ ይኸው ቃል ነበር። ያኔ ክርስትናዬን አስተወኝ እንዴ? ይልቁንም ለምን እንደማምን አሳወቀኝ። የንጉሡ ልጅስ ነገ በሰው ላይ ሲፈርድ፣ አመዛዝኖ ቢፈርድ አይሻልም?»

የሽማግሌው ቄስ ድምፅ ለሰለሰ።

«ይማርበት። ከማን እንደተማረ ግን ይነገረው። እኔ የማመሰግነውን ሰው ሳላውቅ አረጀሁ።»

ከዚያም በርጩማ ስበው ከዙሃይር አጠገብ ተቀመጡ።

«መምህር፣ ያ ብራና እዚህ ላይ የተቀደደ ነው። እኅቴን የቀበርኳት በግማሽ ስብከት ነው። እባክዎን... ከዚያ በኋላ ምን ይላል?»